ሣጥን አርባ አንድ

አምስት ኪሎ፣ ምድር ቤቱ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣
ባሕር አለ በካርቶን ውስጥ፣ በመኮሮኒ ማሸጊያ።
ቁጥሩ አርባ አንድ። በእርሳስ፣ በደበዘዘ የእጅ ጽሕፈት፦
«ዛጎል፣ ባልጩት፣ ከሰል። ከጨው ሜዳው ዳር፣ ከላይኛው እርከን ፊት።»
ቀኑን አይጥ በልቶታል።

ሥራዬ ማጠብ ነው፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በለብ ያለ ውሃ፤
ጭቃው ሲለቅ ይሸታል፣ እንደ ዝናብ፣ እንደ በረሃ።
አለቃዬ ትብለጽ፣ «አንቱ አትበሉኝ» ባይ፣ ሠላሳ ዓመት ከዚህ ቤት፣
ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን፣ መነጽሯን ፍለጋ የምትባክን ሴት፣
ድንጋይ ይሁን አጥንት ስትጠራጠር፣ ምላሷ ነው ሚዛኗ፤
«አጥንት ይይዛል፣ ድንጋይ ያድጣል» — ያቺው አንድ መስመር ናት ድርሳኗ።

ቦታው ዛሬ ባሕር የለውም። ያዮ፣ ግመሉን እየሳበ፣
ወሰዳት አንዴ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ምድሩ በጨው የተለበለበ።
ውሃ በሸሸበት ሜዳ፣ እንደ ደረጃ ተደርድሮ፣
ዛጎል በዛጎል ላይ አየች፣ ዓለት ሆኖ፣ ተጋግሮ።
«እዚህ ላይ» አለ ያዮ፣ በዱላው ጫፍ እየነካ፣
«ባሕሩ ቆሞ ነበር፤ ጫማው ይኸው፣ ከፈለግሽ ይለካ።»

ከእርከኑ ሥር፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣
ጥቁር አፈር፣ የከሰል ፍርካሽ፣
ባልጩት፣ ስለቱ ዛሬም የሚላጭ።
እና ዛጎል፣ ዛጎል፣
ተከፍቶ፣ ተበልቶ፣ ተወርውሮ።
የአንድ ቤተሰብ ራት ይሁን የአንድ ሺህ ዓመት፣
መዝገቡ አይልም።

ሰው ባሕር ዳር ምን ያደርጋል? ይበላል። ቅርፊቱን ይጥላል።
ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ስለ ጎረቤቱ ያማል።
ቅርፊቱ ቀርቷል፤ ሐሜቱ ከማዕበሉ ጋር ሄዷል።

ትብለጽ ግድግዳው ላይ ሥላለች፣ በጠመኔ፣ የጥንቱን ዳርቻ፦
እዚህ ውሃ፣ እዚህ ቁጥቋጦ፣ እዚህ የጅረት መውረጃ ብቻ።
ፍላሚንጎው ዶሮ መስሏል፣ እግሩ ግን ያለ ልክ ረጅም፤
«ይሁን» ትላለች፣ «ባሕሩንም ያየሁት በሐሳብ ነው፣ ወፉም ከዚያ አይበልጥም።»

ዛሬ ከሰዓት፣ በነሐሴ ዶፍ፣ መብራት ጠፋ እንደ ልማዱ፤
ባልደረቦቼ ወደ ሻይ ቤት፣ ዣንጥላ ተሻምተው ሄዱ።
በእጄ አንድ ዛጎል ቀረ፣ ያልታጠበ፣ ጎኑ የተሰበረ፤
ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት — ዝም። የሚለው ነገር አልነበረ።
ከመስኮቱ በላይ የረዳቱ ጩኸት ብቻ፦ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው የቀረ!»

ታዲያ እንደ ትብለጽ አወጣሁ ምላሴን። ማንም አያየኝም።
ጭቃ።
ቀጥሎ ብርድ።
ቀጥሎ፣ ከሩቅ፣
ጨው።

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣
አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል፣
ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት።
ይህኛው ግን ድንጋይ ተባለ፤ ተጣለ።
ሰውም ጥሎት ሄደ፣ ባሕሩም ጥሎት ሄደ፣
አይጥ ቀኑን በላበት፣
እና ማንም ሳይቀምሰው፣ በጨለማ፣ ለራሱ ሲል፣
ይጣፍጥ ነበር።

ወይም የገዛ ጣቴ ላብ ነው።
ትብለጽ ብትኖር ይህንኑ ትለኝ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ጎርፍ ተኝቷል፤
ከእግረኛው ዳር እስከ ታክሲው ቡናማ ውሃ ተዘርግቷል።
ጫማ በእጅ፣ ቀሚስ ከጉልበት በላይ፣ ሰው ሁሉ ዳር ላይ ቆሟል፣
ማዶውን እያየ። አንዷ ታማለች። አንዱ በቆሎውን ይግጣል፣
ቆረቆንዳውን ወደ ውሃው ይወረውራል።

ማን እንዳስቀመጠው እንጃ፣
በውሃው መሃል ድንጋይ ነበር፣
አምስት፣ ስድስት፣ እርምጃ እርምጃ ተራርቆ፣
የመጨረሻው የሚወዛወዝ።

ረገጥኩት።